ቁስጥንጥንያን ከውኃው ላይ፦ ስለ ኢስታንቡል ጉብኝትና ምግብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብዙ ሐበሻ በኢስታንቡል ያልፋል። አንዱ ወደ አውሮፓ ወይ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ትራንዚት ያደርጋል። ሌላው ልብስ ሊጭን ላሌሊ ወደሚባለው የጅምላ ገበያ ሰፈር ይወርዳል። ከዚያ ሆቴል፣ ሱቅ፣ ካርጎ፣ ኤርፖርት። ከተማዋን ሳያያት ይመለሳል። ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል። ቁስጥንጥንያ የሚለውን የድሮ ስሟን ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን ነው ያደግነው። ከዘመድም ከጓደኛም ደጋግመው የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ያለኝ ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ምን ልይ?

መርከብ ተሳፈሩ። በአውሮፓ በኩል ካለው ኤሚኖኑ ወደብ በእስያ በኩል ወዳለው ካዲኮይ የሚሻገረውን፣ ሠራተኛውና ተማሪው በየቀኑ የሚሄድበትን የከተማውን መርከብ ማለቴ ነው። ጉዞው ሃያ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ዋጋው ከአውቶቡስ ብዙም አይርቅም።

ኢስታንቡል በእግር ሲሄዱባት ግራ ታጋባለች። ዳገት ናት፣ መንገዱ ይጠብባል፣ ሰው በሰው ላይ ነው። ከውኃው ላይ ግን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። ከኋላችሁ የሱለይማኒዬ መስጊድ ጉልላት ይቀራል። በግራ ጄኖቫውያን በ1348 የሠሩት የጋላታ ግንብ ቆሟል። በቀኝ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ከነዛፎቹ፣ ከጀርባው ደግሞ አያ ሶፊያ። ፊት ለፊት ሌላ አህጉር አለ። ከአውሮፓ ተነስታችሁ እስያ ትወርዳላችሁ። ካዲኮይ ልትደርሱ ስትሉ የሃይዳርፓሻ አሮጌ ባቡር ጣቢያና የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ።

ውጭ ተቀመጡ። መርከቡ ላይ ሻይ ይሸጣል፣ ወገቡ ቀጠን ባለ ትንሽ ብርጭቆ። ከመሳፈራችሁ በፊት ከጋሪ ላይ ሲሚት ግዙ። ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ ነው። የባሕር ወፎቹ መርከቡን ተከትለው ይመጣሉ፣ ትንሽ ቆርሳችሁ ወርውሩላቸው። እኔ ኢስታንቡል በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው ይሄንን ነው።

ካዲኮይ ደርሼስ?

የቆማችሁበትን መሬት እወቁ። ካዲኮይ የጥንቷ ኬልቄዶን ናት። በ451 የተደረገው ጉባኤ፣ እነ ዲዮስቆሮስ የተወገዙበትና የእኛን ቤተ ክርስቲያን ከግሪክና ከሮም የለየው፣ እዚህ ነው የተካሄደው። ጉባኤው የተቀመጠበት የቅድስት ኤውፌምያ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የለም። ግን በዓሣ ገበያው አካባቢ በዚያችው ቅድስት ስም የምትጠራ ትንሽ የግሪክ ቤተ ክርስቲያን አለች። ሰው ቲማቲምና ዓሣ ተሸክሞ በበሯ ያልፋል። ስሟን ስንሰማ የኖርናትን ቦታ እንደዚህ በገበያ መሐል ሳገኛት ለረጅም ጊዜ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ብሉ። የካዲኮይ ገበያ ለእኔ ከከተማው ሁሉ የተሻለ የመብል ቦታ ነው። የወይራ ፍሬ በየዓይነቱ፣ አይብ፣ የተቀመመ አትክልት፣ ዓሣ፣ ማር። የሚመጣው ብዙው የሰፈሩ ሰው ስለሆነ ዋጋውም ቱሪስት ከሚበዛበት ከሱልጣናህመት ሰፈር ይሻላል። ቺያ ሶፍራሲ የሚባለው ምግብ ቤት ከአናቶሊያ ገጠር የተሰበሰቡ፣ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኙ ወጦች ይሠራል። ድስቶቹን አይታችሁ በጣት ማሳየት ይቻላል። ቋንቋ አያስቸግርም።

ትራንዚቴ ስምንት ሰዓት ነው። ከኤርፖርት መውጣት ያዋጣል?

ቪዛ ካላችሁ፣ አዎ። ከስድስት ሰዓት በታች ከሆነ ግን ባትወጡ እመክራለሁ። አዲሱ ኤርፖርት ከመሐል ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ መንገድ ከተዘጋጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሃቫኢስት የሚባል አውቶቡስ አለ። ከ2023 ጀምሮ ሜትሮም ገብቷል።

በተርኪሽ አየር መንገድ የምትበሩ ከሆነ ትራንዚታቸው ከ6 እስከ 24 ሰዓት ለሆነ መንገደኞች በነጻ የሚያስጎበኝ ፕሮግራም አለው። ጥሩ ነገር ነው፣ ተጠቀሙበት። እሱም ቢሆን ግን ወደ አገሩ መግባት ስለሆነ የቪዛ ጉዳይ አይቀርም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አዲስ አበባ ያለውን የቱርክ ኤምባሲ ጠይቁ። ሁለተኛው ኤርፖርት ሳቢሃ ጎክቸን በእስያ በኩል ነው። የትኛው ላይ እንደምታርፉ ትኬታችሁ ላይ በደንብ አንብቡ።

ከተማው ውስጥ እንዴት ልንቀሳቀስ?

ኢስታንቡልካርት ግዙ። ትራሙም፣ ሜትሮውም፣ አውቶቡሱም፣ መርከቡም በዚያው ካርድ ነው። የየጣቢያው ማሽን ላይ ይሸጣል፣ ብርም ይሞላበታል። ቲ 1 የሚባለው ትራም ላሌሊን፣ ታላቁን ባዛር፣ ሱልጣናህመትን፣ ኤሚኖኑን እና ካራኮይን በአንድ መስመር ያገናኛል። ይህን መስመር የያዘ ሰው አይጠፋም።

አያ ሶፊያ አሁን መስጊድ ሆኗል። ክርስቲያን መግባት ይችላል?

ይችላል። ንጉሥ ዮስጢንያኖስ ከ532 እስከ 537 ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1453 ቱርኮች ከተማዋን ሲይዙ መስጊድ ሆነ። በ1930ዎቹ ሙዚየም ተደረገ። በ2020 እንደገና መስጊድ ሆነ። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ምድር ቤቱ ለሶላት ተለይቷል። ጎብኚ በሌላ በር ገብቶ ፎቁን ያያል፣ መግቢያውም 25 ዩሮ ሆኗል። ውድ ነው። የጌታችን፣ የእመቤታችንና የመጥምቁ ዮሐንስ ሞዛይክ ያለው ግን እዚያው ፎቅ ላይ ነው። የጌታን ፊት በቅርብ ላየ ሰው ገንዘቡ አያስቆጭም። እድሳት ላይ ስለሆነ የብረት ርብራብ ልታዩ ትችላላችሁ።

ከፊት ለፊቱ ያለው ስድስት ሚናሬት ያለው ሰማያዊው መስጊድ በነጻ ይገባል። በሶላት ሰዓት ለጎብኚ ይዘጋል፤ አርብ ከሆነ ከጁምዓ በኋላ ሂዱ። በውስጡ ከ20,000 በላይ ባለ ቀለም ሸክላ ተለጥፏል። ሸክላው የተሠራው ኢዝኒክ ነው። ኢዝኒክ ማለት ሠለስቱ ምዕት የተሰበሰቡባት ኒቅያ ናት።

ልብስን በተመለከተ፦ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፣ ሴቶች ፀጉር ይሸፍኑ፣ መስጊዱ ምንጣፍ ላይ ጫማ ይወለቃል። እህቶቼ፣ ነጠላችሁን ያዙ። ከበቂ በላይ ነው።

በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሐበሾች ነበሩ ሲባል እውነት ነው?

እውነት ነው። ለእኔ ከኢስታንቡል ታሪክ ሁሉ ልብ የሚነካው ይሄ ነው።

የሱልጣኑ ሴቶችና ልጆች የሚኖሩበትን ሐረም የሚጠብቁት ጃንደረቦች ነበሩ። ብዙዎቹ ከእኛ አገርና ከአካባቢው በልጅነታቸው ተሸጠው፣ ተሰልበው፣ ብዙ ጊዜም በግብፅ በኩል የመጡ ናቸው። አለቃቸው ከመንግሥቱ ትልልቅ ባለሥልጣናት አንዱ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ አለቆች አንዱ ሐበሺ መህመድ አጋ ይባል ነበር፣ ስሙ ራሱ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ሐጂ በሽር አጋ የተባለው ሐበሻ ደግሞ ከ1717 ጀምሮ በ1746 እስኪሞት ድረስ ሹመቱን ይዞ ኖሯል። ሚኒስትሮች እንዲሾሙና እንዲሻሩ ያደርግ ነበር። መጻሕፍት ይሰበስብ ነበር።

ሐረሙን ስትጎበኙ መጀመሪያ ከምታልፉባቸው ቦታዎች አንዱ የእነዚህ ጃንደረቦች መኖሪያ ነው። ብዙ ሰው ወደ ሱልጣኑ ክፍሎች እየተጣደፈ ይዘለዋል። እናንተ ቁሙ። ጠባብ ግቢ ናት። አንድ የማናውቀው የአገራችን ልጅ፣ እናቱን ሳይሰናበት የመጣ፣ ዕድሜውን እዚያ ጨርሷል። ከቤተ መንግሥቱ ወጥታችሁ በጉልሃኔ ትራም ጣቢያ አቅራቢያ በሽር አጋ ያሠራውን መስጊድ ታገኛላችሁ። ትንሽ ናት፣ ጸጥ ያለች። አስጎብኚዎች እምብዛም አይወስዷችሁም።

በቤተ መንግሥቱ የመጀመሪያ ቅጥር ውስጥ ያለችው አያ ኢሪኒ ቤተ ክርስቲያንም አትለፋችሁ። የ381 ጉባኤ፣ መቶ ሃምሳው ሊቃውንት የተሰበሰቡበት፣ እዚህ እንደተደረገ ይነገራል። የዛሬው ሕንጻ ከጉባኤው በኋላ በዮስጢንያኖስ ዘመን እንደገና የተሠራ ነው። ቶፕካፒ ማክሰኞ ዝግ ነው።

ዓሣ የት ልብላ?

ኤሚኖኑ፣ የጋላታ ድልድይ ሥር። ባልክ ኤክሜክ ይሉታል፣ ዓሣ በዳቦ ማለት ነው። የተጠበሰ ዓሣ፣ ሽንኩርት፣ ሰላጣ፣ ሎሚ። ዓሣው ብዙ ጊዜ ከኖርዌይ የሚመጣ ማኬሬል ነው። ቢሆንም ከባሕሩ ዳር በትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሲበላ ይጣፍጣል። ከድልድዩ በላይ ደግሞ መንጠቆ የጣሉ ሰዎች ከጠዋት እስከ ማታ ተደርድረዋል።

ክረምታቸው ላይ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከሄዳችሁ ሃምሲ ጠይቁ። ከጥቁር ባሕር የሚወጣ ጣት የሚያክል ዓሣ ነው፣ በዱቄት ተለውሶ ይጠበሳል፣ ከነአጥንቱ ይበላል።

አንድ ነገር አደራ። ዋጋ ሳትጠይቁ አትዘዙ። እኔ በአንድ ምሽት አስተናጋጁ በፈገግታ ጎትቶ ካስገባኝ ቤት ውስጥ «ዛሬ የወጣ ነው» ያለኝን ዓሣ በልቼ ሒሳቡ ሲመጣ ደነገጥኩ። በኪሎ እንደሚታሰብ አልነገረኝም። የሦስት ቀን የምግብ ገንዘቤ በአንድ ራት አለቀ። «ነ ካዳር?» በሉ፣ ስንት ነው ማለት ነው። በጽሑፍ አሳዩኝ በሉ።

የክርስቲያን ሥጋ ካልሆነ የማልበላ ሰው ነኝ። ምን ይሻለኛል?

ቱርክ ውስጥ ሥጋው በእስልምና ሥርዓት የታረደ ነው። ለሙስሊም ወገኖቻችን ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ዶነርም ላህማጁንም ሳይጨነቁ ይበላሉ። እናንተ ግን ዓሣ፣ እንቁላልና አትክልት ላይ ብትቆዩ አይርባችሁም። ጠዋት መነመን ሞክሩ። በቲማቲምና በቃሪያ የተሠራ የእንቁላል ፍርፍር ነው፣ ከነመጥበሻው ይቀርባል።

ጾም ላይ ከሆንኩስ?

ጾም ለያዘ ሰው ኢስታንቡል ምቹ ናት። ዘይትንያሊ የሚባሉ፣ በወይራ ዘይት ተሠርተው ቀዝቅዘው የሚቀርቡ የአትክልት ምግቦች አሏቸው። በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ ቦሎቄ፣ አርቲቾክ፣ ፎሶሊያ።

ቺ ኮፍቴም አለ። ስሙ ጥሬ ኮፍቴ፣ ማለትም ጥሬ የተድቦለቦለ ሥጋ ማለት ነው፣ ድሮ እንደ ክትፎ በጥሬ ሥጋ ነበር የሚሠራው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ግን በሕግ ሥጋ የለውም። ከቡልጉር፣ ማለትም ከቅንጬ፣ በበርበሬና በቲማቲም ድልህ ታሽቶ ይሠራል። በሰላጣ ቅጠል ጠቅልላችሁ ሎሚ ጨመቅ አድርጉበት። ቅመሙ ወደ እኛ አፍ ይቀርባል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው።

የምስር ሾርባውን ግን አትመኑት። ቅቤ ወይም የሥጋ መረቅ ሊኖረው ይችላል። «ኤትሲዝ» ያለ ሥጋ ማለት ነው። «ቬጋን» ብትሉም ወጣቶቹ ይገባቸዋል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ እተወዋለሁ።

የቱርክ ቡና ከእኛ ቡና ጋር ምን ያገናኘዋል?

ዘሩ። ቡና ከእኛ ተነስቶ በየመን በኩል ኢስታንቡል የደረሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የቱርክ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት በ1550ዎቹ ከሐለብና ከደማስቆ የመጡ ሁለት ሰዎች ታህታካሌ በሚባለው ሰፈር የመጀመሪያዎቹን ቡና ቤቶች ከፈቱ። ታህታካሌ ዛሬም አለ፣ ከኤሚኖኑ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። እዚያው ጥግ ላይ ከ1871 ጀምሮ የሚሠራው የመህመት ኤፌንዲ ቡና ቆዪ አለ። አድራሻ አያስፈልጋችሁም፣ ሽታውን ተከተሉ። ሰልፍ አለው፣ ግን ቶሎ ይሄዳል።

አፈላላቸው ይለያል። እንደ ዱቄት የላመ ቡና በትንሽ ባለ እጀታ ማሰሮ ይፈላና ከነአተላው ሲኒ ውስጥ ይገባል። አተላው እስኪዘቅጥ ጠብቁ። ስኳሩ አብሮ ስለሚፈላ ሲታዘዝ ነው የሚነገረው። «ሳዴ» ያለ ስኳር፣ «ኦርታ» መካከለኛ፣ «ሸከርሊ» ጣፋጭ። ቶና እና በረካ የለም፣ አንድ ሲኒ ነው። ያንን አንድ ሲኒ ይዛችሁ ግን አንድ ሰዓት ብትቀመጡም አስተናጋጁ አይቆጣም።

ሌላ የሚጠጣ፣ የሚጣፍጥ?

ቦዛ። ይሄን ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ከእህል ተፈልቶ የሚጠጣ ወፍራም ነገር ነው፣ ትንሽ ጎምዘዝ፣ ትንሽ ጣፋጭ። መጀመሪያ ስቀምሰው ቦርዴ ትዝ አለኝ። ቬፋ በሚባለው ሰፈር ከ1876 ጀምሮ እሱኑ የሚሸጥ ቤት አለ። ላዩ ላይ ቀረፋ ይነሰነሳል፣ ከሱ ጋር የሽምብራ ቆሎ ይበላል። ቆሎና ቦርዴ፣ በኢስታንቡል። የብርድ ወቅት መጠጥ ነው።

ባቅላቫ ከፈለጋችሁ ካራኮይ ወደብ አጠገብ ጉሉኦግሉ ሂዱ። የፒስታሺዮውን ውሰዱ።

ገበያስ? ታላቁ ባዛር ወይስ ላሌሊ?

ታላቁ ባዛር ለማየት፣ ላሌሊ ለመግዛት። ባዛሩ 4,000 ገደማ ሱቆች አሉት፣ ከ1450ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው፣ ጣሪያው ብቻ ያስደንቃል። ዋጋው ግን ለቱሪስት ነው። እሑድ ይዘጋል። ላሌሊ ብዙው ሱቅ የጅምላ ነው። በ«ሴሪ» ይሸጣሉ፣ ማለትም ከአንድ ዓይነት ልብስ ሁሉንም ቁጥር አንድ ላይ። ለራሳችሁ አንድ ቀሚስ ብቻ ከፈለጋችሁ እምቢ ሊሏችሁ ይችላሉ፣ አትቀየሙ። የቅመም ገበያው ኤሚኖኑ ነው፣ ሎኩም የሚባለውን ጣፋጭና የደረቀ ፍራፍሬ ለቤተሰብ ከዚያ ውሰዱ። ቅምሻ በነጻ ነው።

የቦስፎረስ ጉብኝት የትኛው ይሻላል?

የከተማው መርከብ ድርጅት ሼሂር ሃትላሪ ከኤሚኖኑ ረጅሙን ጉዞ ያዘጋጃል። እስከ ጥቁር ባሕር አፍ፣ አናዶሉ ካቫኢ መንደር ድረስ ይወስዳል፣ እዚያ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ይመልሳል። ሙሉ ቀን ካላችሁ እሱን። ራት፣ ጭፈራና ሙዚቃ ያለበትን የማታ መርከብ እኔ አልመክርም። ጨለማ ውስጥ ምንም አይታይም።

በመንገዱ ላይ የዶልማባህቼን ቤተ መንግሥት፣ የኦርታኮይን መስጊድ፣ በ1973 የተከፈተውን የመጀመሪያ ድልድይ ታያላችሁ። ውኃው 700 ሜትር ብቻ በሚሰፋበት ቦታ በ1452 የተሠራው የሩሜሊ ምሽግ ቆሟል። ትልልቅ የጭነት መርከቦች በአጠገባችሁ ያልፋሉ። እነሱን ሳይ ሁልጊዜ የማስበው ስንዴ ነው። በ2022 ነሐሴ ላይ፣ ጦርነቱ የዩክሬንን ወደቦች ዘግቶ ከቆየ በኋላ፣ ብሬቭ ኮማንደር የተባለች መርከብ ለኢትዮጵያ የሚሆን 23,000 ቶን ስንዴ ጭና በዚሁ ጠባብ ውኃ አልፋ ጅቡቲ ደረሰች።

የሚያጭበረብር አለ?

እንደ ማንኛውም ትልቅ ከተማ አለ። ሊስትሮ ከፊታችሁ ብሩሹን ጥሎ ይሄዳል፣ አንስታችሁ ስትሰጡት «ላመስግናችሁ» ብሎ ጫማ ይጠርግና ብር ይጠይቃል። ታክሲ ውስጥ ቆጣሪው መብራቱን እዩ። «ታክሲም» በሚባለው አደባባይ ላይ የማታውቁት ሰው መጠጥ ልጋብዛችሁ ካለ አትከተሉት።

መቼ ልሂድ?

ሚያዝያ ወይም መስከረምና ጥቅምት። ሚያዝያ ላይ ኤሚርጋን መናፈሻ በቱሊፕ አበባ ይሞላል። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱም ሰልፉም ይከብዳል። ክረምታቸው ዝናብ፣ አንዳንዴም በረዶ ነው፣ ወፍራም ጃኬት ያዙ። ሎዶስ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ሲነሳ መርከቦቹ ይቆማሉ። ያን ቀን ከሲርከጂ ጣቢያ ማርማራይ ባቡርን ያዙ። ከባሕሩ ሥር በጥቂት ደቂቃ በእስያ በኩል ያለው ኡስኩዳር ያደርሳችኋል። ከጣቢያው ስትወጡ ማዕበሉ የባሕሩን ዳር እየመታ መንገዱ ድረስ ይረጫል፣ ከዳሩ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።